ከሮቶው እስከ መደቡ፦ በደሴ የአንድ ጓሮ የጠብታ መስኖ ጉዳይ

ሐጂ ስልክ ሲደውሉ ወደ ነገሩ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳሉ። መጀመሪያ የእኔን ጤና፣ ቀጥሎ የልጆቼን፣ ቀጥሎ የኮምቦልቻን ሙቀት ይጠይቃሉ። ያን ዕለት ግን ሰላምታው ሳያልቅ «ልጄ፣ ይሄ ጠብታ አልንጠባጠብ አለ» አሉኝ። ወሩ ኅዳር ነበር። ደሴ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ የሚሆንበት ወቅት ነው። የበልግ ዝናብ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል።

እኔ እንጀራዬ የቧንቧ ሥራ ነው፤ የምኖረውም የምሠራውም ኮምቦልቻ ነው። ሐጂ ከአባቴ ጋር በአሰብ መስመር ቦቴ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መንገዱ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲዘጋ ሁለቱም መሪውን ለቀው ቤታቸው ገቡ። ስለዚህ ሐጂ ሲጠሩኝ የምሄደው እንደ ባለሙያ አይደለም፤ እንደ ልጅ ነው። ዋጋም አይጠየቅም። በማግስቱ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ገባሁ።

ጓሮው

ቤቱ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። የሰፈሩ ስም ቧንቧ ውሃ ይሁን እንጂ ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሐጂ በዚህ መቀለድ አይሰለቻቸውም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ደልዳላ ግቢ ያለው ሰው ጥቂት ነው። የሐጂም ግቢ በካብ ተይዞ ሁለት እርከን ሆኗል። ላይኛው ላይ ቤቱ፣ ማድ ቤቱና ሮቶው አሉ። ታችኛው ላይ 60 ካሬ ሜትር የምትሆን ጓሮ አለች። እትዬ የምላቸው ባለቤታቸው፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ሰላጣና ቃሪያ ያለሙባታል። ከጓሮዋ በታች ሌላ ካብ አለ፤ ከካቡ በታች ጎረቤት ነው። ይህን ጎረቤት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሮቶው 1,000 ሊትር ይይዛል። የተቀመጠው 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ባለው የድንጋይ ግንብ ላይ ነው። የጠብታ መስኖውን ዕቃ ከአዲስ አበባ የላከላቸው ልጃቸው ነው። አሥር ጥቁር ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቱቦዎች ናቸው። እያንዳንዱ 6 ሜትር ይረዝማል፤ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ማንጠብጠቢያ አለው። በአንድ መስመር 20፣ በጠቅላላው 200 ማንጠብጠቢያ ማለት ነው። ከዕቃው ጋር የመጣችው ወረቀት እንደምትለው፣ ውሃው ከማንጠብጠቢያው 1 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ እያንዳንዱ በሰዓት 1 ሊትር ገደማ ያወጣል። ይህ ያለ ፓምፕ፣ በታንከር ከፍታ ብቻ እንዲሠራ የታሰበ ዓይነት ነው።

በካርቶኑ ውስጥ ያልነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውሃውን ከሮቶው እስከ ጓሮው የሚያደርሰው ዋናው ቱቦ። የእያንዳንዱ ቤት ርቀት ስለሚለያይ ሻጩ ለገዢው ይተወዋል። ሐጂም የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሄደው 35 ሜትር ነጭ፣ ውስጡን የሚያሳይ ጎማ ገዙ። የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ርካሽ ነው፣ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ «ደግሞ ውሃው ሲሄድ ይታያል» አሉኝ። 24 ሜትሩ ከሮቶው ጓሮ ደረሰ። 9 ሜትሩ በአሥሩ መስመሮች ራስ ላይ ተጋደመ፤ በየመስመሩ ተቆርጦ በቲ ተቀጠለ።

ጎማው መተላለፊያው ላይ እንዳይረገጥም ሽቦ ወጥረው በላይ አሳለፉት። ሽቦው ከመሬት 1 ሜትር ከ80 ላይ ነው፤ ረዥሙ ልጃቸው ቤት ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ያልፋል።

የተጠረጠሩት

ሥርዓቱ በመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር፤ ቢያንስ ደህና መስሎ ነበር። ከዚያ ለሮቶው የቀረበው መስመር ሲረጥብ የዳርኛው አቧራ ሆነ። ሮቶው ሲሞላ ይንጠባጠባል፤ ሲጋመስ ግን፣ 500 ሊትር ውሃ እያለው፣ ጠብታው ቀጥ ይላል። በወር ጊዜ ውስጥ ደግሞ የዳርኛው መስመር ማንጠብጠቢያዎች አንድ በአንድ መደፈን ጀመሩ።

ልጅየው በስልክ ማንጠብጠቢያዎቹን ጠረጠረ፤ «ዕቃው ጥሩ ላይሆን ይችላል» ብሎ ሁለት መስመር ተቀያሪ ላከ። ተቀየረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነ። እትዬ የጠረጠሩት የጣቢያውን ውሃ ነበር። ሐጂ ግን «ግፊት ነው ያነሰው» ብለው ቁርጣቸውን ይዘዋል። ግንቡ በ2 ሜትር ከፍ እንዲል ወስነው ግንበኛ ጠርተዋል፤ እኔ የተጠራሁት ሮቶው ሲነሳ ቧንቧውን እንድፈታላቸው ብቻ ኖሯል።

ግንበኛውና እኔ በአንድ ሰዓት ደረስን። ዋጋውን ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ከተገዛው ሁሉ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዋጋው ብቻም አይደለም። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ነው። አንድ ቶን በ3 ሜትር ከ20 ከፍታ ላይ፣ በተዳፋት ግቢ ውስጥ፣ የልጅ ልጆች ከሥሩ ሲሯሯጡ ሳስበው አልወደድኩትም።

ግንበኛው ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ሽቦው ላይ የተንጠለጠለውን ጎማ ያዝ አድርጎ ሳቀ። «ሐጂ፣ ይሄ እኮ የኛ ውሃ ልክ ነው።»

እውነቱን ነው። ግንበኞች የመሠረት ልክ የሚያወጡበት፣ ውሃ ሞልተው በሁለት ጫፍ የሚይዙት ያው ጎማ ነው። ለዚያ ሥራ ቀጭን መሆኑ ጉዳት የለውም፤ ውሃው ውስጡ ይቆማል እንጂ አይሄድማ። ማሳየቱም የግድ ነው። ለእኛ ሥራ ግን ሁለቱም ጠባዮቹ ነውር ናቸው። እኔ ግቢው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ያላየሁትን ግንበኛው በአንድ እጁ ጨብጦ አሳየኝ።

ልኬቱ

ሐጂ በቃል የሚረቱ ሰው አይደሉም። «አብሽር፣ ለካና አሳየኝ» አሉ።

ሮቶውን ሞልተን ጀመርን። የሃይላንድ ጠርሙሶች ቂጣቸውን ቆርጠን እንደ ጽዋ አደረግን፤ በአንደኛው፣ በአምስተኛውና በአሥረኛው መስመር ላይ በተለያየ ቦታ ከማንጠብጠቢያ ሥር ቀበርናቸው። ልክ 30 ደቂቃ ጠብቀን፣ ከመድኃኒት ቤት በመጣ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የእያንዳንዱን ቀዳን። የአንደኛው መስመር አማካይ 390 ሚሊ ሊትር ሆነ። የአምስተኛው 300፤ የአሥረኛው 110። በአሥረኛው መስመር ላይ ካሉት ሁለቱ ጽዋዎች እንዲያውም ባዶ ነበሩ።

ቀጥሎ ጎማውን ፈታነውና ወደ ተፈጥሮ ሥራው መለስነው። ውሃ ሞላንበት፣ የአየር አረፋውን አስወጣን፣ ግንበኛው አንዱን ጫፍ ሮቶው ዘንድ ይዞ ቆመ፣ እኔ ሌላውን ይዤ ጓሮ ወረድኩ። ከማንጠብጠቢያዎቹ እስከ ሞላው ሮቶ የውሃ አፍ ድረስ ያለው ከፍታ 2 ሜትር ከ90 ሆነ፦ ግንቡ 1 ሜትር ከ20፣ በሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ 1 ሜትር፣ በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለው ልዩነት 70 ሳንቲ ሜትር። አሥር ሜትር የውሃ ከፍታ 1 ባር ገደማ ስለሚሆን ያለን ግፊት በአጠቃላይ 0.29 ባር ነው። የከባድ መኪና ጎማ 7 እና 8 ባር ይነፋል፤ ለሐጂ ስነግራቸው «ይሄማ ትንፋሽ ነው» አሉ። ትንፋሽ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ማንጠብጠቢያ ግን ይበቃል፤ ከበቃም ይተርፋል። መድረስ ብቻ ነው ያለበት።

ደርሷል ወይ? ይህንን ለማወቅ የግፊት መለኪያ አላስፈለገንም። የዚህ ዓይነቱ ማንጠብጠቢያ ፍሰት ከግፊቱ ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚሄደው፤ ግፊቱ አራት እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ እጥፍ ይሆናል። አንደኛው መስመር በግማሽ ሰዓት 390 ሚሊ ሊትር ሰጠ፤ በሰዓት 0.78 ሊትር ማለት ነው። 0.78ን በራሱ ብናባዛው 0.61። ስለዚህ ጓሮው ራስ ላይ የደረሰው ግፊት የ61 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ብቻ ነው። ከሮቶው የተነሳው 2 ሜትር ከ90 ነበር፤ 2 ሜትር ከ30 ያህሉ የት ገባ? በ24ቱ ሜትር ጎማ ውስጥ፣ ከግድግዳው ጋር ሲታከክ አለቀ።

ሐጂ ዝም ብለው ቆዩና «የናፍጣ መስመር ነዋ» አሉ። «መስመሩ ሲቀጥን ሞተሩ ዳገት ላይ ይታፈናል። ሰልቫትዮውን ጣራ ላይ ብትሰቅለው ምን ዋጋ አለው።» እኔ በሒሳብ ልነግራቸው ካሰብኩት ይህ ይሻላል። በአሰብ በረሃ መስመር ሲዘጋባቸው በአፋቸው እየሳቡ የከፈቱ ሰው ናቸው።

ሒሳቡንም ልንገራችሁ፤ የጉዳዩ ልብ እዚህ ስላለ። በቱቦ ውስጥ ለተመሳሳይ ፍሰት የሚጠፋው ግፊት ከርዝመቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ርዝመቱን እጥፍ ብታደርጉ ጥፋቱ እጥፍ ነው። ከስፋቱ ጋር ግን እንዲህ ገር አይደለም፤ ወደ አምስተኛ ኃይል ይጠጋል። የውስጥ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ጥፋቱ ከ25 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ጎማ ለ200 ማንጠብጠቢያ በሰዓት 200 ሊትር እንዲያደርስ 24 ሜትሩ ላይ ብቻ 6 ሜትር ያህል ከፍታ ይበላል። ባለ 16 ሚሊ ሜትር ውስጠ ስፋት ቱቦ ያንኑ ሥራ በ25 ሳንቲ ሜትር ባልሞላ ይሠራዋል።

ግንቡ በ2 ሜትር ቢያድግስ? አስልቼ ለሁለቱም አሳየኋቸው። ከፍታው 4 ሜትር ከ90 ይሆናል፣ ጎማው ግን ያው ስለሆነ አብዛኛውን መልሶ ይበላዋል፤ ፍሰቱ የሚጨምረው በሲሶ ያህል ነው። ግንበኛው ሥራው እጁ ላይ ሲቀዘቅዝ እያየ «ልክ ነው» አለ። ይህን አልረሳለትም።

የሽቦው ጉብታና አረንጓዴው

ሮቶው ሲጋመስ ጠብታው ለምን እንደሚቆም ከልኬቱ በኋላ ማንም ሳይናገር ግልጽ ሆነ። ግንቡ 1 ሜትር ከ20፣ ግማሽ ሮቶ ውሃ 50 ሳንቲ ሜትር፤ ሲደመር 1 ሜትር ከ70። ጎማው የሚያልፍበት ሽቦ 1 ሜትር ከ80። ውሃው ሽቦውን ለመሻገር ከራሱ አፍ በላይ መውጣት አለበት። ጎማው ሙሉ እስከሆነ ድረስ ስቦ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ነገር ግን ጉብታው ላይ አየር ይጠራቀማል፤ አየር ሲጠራቀም ስቡ ይበጠሳል። ነጩ ጎማ እዚህ ላይ ጠቀመን፤ አረፋው ሽቦው ላይ እንደ ጣት ረዝሞ ተኝቶ ይታያል። እትዬ ለካ ሁልጊዜ ያዩት ነበር። «ያን አረፋ እኔ ውሃው ሲስቅ ነው የምለው» አሉ።

ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ በፀሐይ ላይ የረጋ ውሃ ይዞ ሲውል ውስጡ አልጌ ያበቅላል። እዚህም ወር ባልሞላ ጊዜ የጎማው ግድግዳ አረንጓዴ ለበሰ። ልብሱ ሲላጥ ከውሃው ጋር ይጓዛል፤ ውሃው ወደ ዳር ሲሄድ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ እዚያው ይቀመጣል። አሥረኛው መስመር ቀድሞ የተደፈነው ለዚህ ነው። ማንጠብጠቢያ ቢቀየር፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ነው። ልጅየው የላከው ዕቃ ያለ ኃጢአቱ ነው የታማው። በሮቶው አፍ ላይም ማጣሪያ አልነበረም፤ ቢኖርም ግን አልጌው ከማጣሪያው በኋላ ስለሚበቅል አያቆመውም ነበር።

ጥገናው

ያን ቀን ከሰዓት ሐጂና እኔ ቱቦ ልንገዛ ወጣን። የመደብሩ ልጅ «20 ሚሊ» ስንለው የፒፒአር ቱቦ አወጣልን። እዚህ ላይ ሰው በብዛት ይሳሳታል። ጎማ የሚጠራው በውስጥ ስፋቱ ነው፤ ቱቦ ግን በውጭ ስፋቱ። ለሙቅ ውሃ የሚሠራው ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ውስጡ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚቀረው። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ጥቁር ኤችዲፒኢ (ጠንካራ የፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ) ውስጡ 16 ገደማ ነው። ስሙ አንድ፣ ከውጭ ሲያዩት እኩል፤ የግፊት ጥፋቱ ግን በሁለት እጥፍ ተኩል ይለያያል። እኛ ጥቁሩን ወሰድን። ጥቁርነቱ ለጌጥ አይደለም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀላቀለው ጥላሸት ከፀሐይ መሰንጠቅ ይጠብቀዋል፤ ብርሃንም ስለማያሳልፍ አልጌ አይበቅልበትም።

አዲሱ ቱቦ በሽቦው አልሄደም። ከሮቶው ወርዶ የግንቡን እግር፣ የቤቱን ግድግዳ ሥር ተከትሎ፣ መተላለፊያው ላይ አንድ ጋት ያህል ተቀብሮ እርከኑን ወረደ። ሁለት ሜትር ረዘመብን፤ 26 ሜትር ሆነ። ለዚህ ወፍራም ቱቦ ሁለት ሜትር ምንም አይደለም፤ የሚፈለገው ከሮቶው እስከ ጓሮ ድረስ ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ እንዳይኖር ነው። ከሮቶው አፍ ላይ ባለ 120 ሜሽ (በአንድ ኢንች 120 ቀዳዳ ያለው) ወንፊት ማጣሪያ አስገባን። ግፊታችን ትንሽ ስለሆነ ወንፊቱ በቆሸሸ ቁጥር ፍሰቱን ይበላል፤ በየሳምንቱ መታጠብ አለበት።

በመስመሮቹ ራስ ላይ ያለውን 9 ሜትር በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁር ቱቦ ለወጥነው። ውሃውንም እንደ ቀድሞው ከአንድ ጫፍ አላስገባንም፤ መሐሉ ላይ፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው መስመር መካከል አስገባነው። ወደ ሁለቱም ዳር 4 ሜትር ተኩል ብቻ ይሄዳል። ሁለቱም ጫፍ ላይ የሚከፈት መዝጊያ አደረግን፤ ቆሻሻው በየጊዜው በዚያ እንዲወጣ።

አሥሩንም መስመሮች በቀጭን በረኪና አጠብናቸው፤ በ10 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ሌሊት አሳድረን፣ ጠዋት ከመደቡ አውጥተን በንጹሕ ውሃ አጥለቀለቅናቸው። እትዬ «ኮምጣጤም ልጨምርበት?» አሉ። ኮምጣጤ ለሌላ ቀን፣ ለኖራ ዝቃጭ ይሆናል፤ ከበረኪና ጋር ሲቀላቀል ግን የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። እዚያው አስቀረኋቸው።

የእኔ ጥፋት

ቱቦውን የዘረጋሁት እኩለ ቀን ላይ ነው። ጥቁር ቱቦ በደሴ የኅዳር ፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል። እኔ ደግሞ ለዓይን ይማርክ ብዬ ከግድግዳው ሥር ቀጥ አድርጌ ወጠርኩት፤ የትርፉን ጫፍ ቆርጬ መጋጠሚያው ላይ ጠለቅ አድርጌ ገፋሁት። ክላምፕ እንዳያልቅብኝ ብዬ የጓሮውን መጋጠሚያ በከመነዳሪ ቁራጭ አሠርኩት። ሮቶውን ሞልተን፣ ቫልቩን ከፍተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ሲመሽ ቫልቩን ጓሮው ራስ ላይ ዘግተን ተኛን። ሐጂ እንዳድር ለምነውኝ ነበር፤ ደግነቱ አደርኩ።

ፖሊኤቲሊን ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ በአንድ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል። ትንሽ ነው የሚመስለው። 26 ሜትር ቱቦ ከቀኑ ግለት ወደ ሌሊቱ ውርጭ 25 ዲግሪ ሲወርድ ግን 13 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ቱቦዬ የሚያጥርበት ትርፍ አልነበረውም። ከለሊቱ በአንዱ ሰዓት ከመጋጠሚያው ተስቦ ወጣ። ቫልቩ ከመጋጠሚያው በታች ስለነበር የዘጋው ነገር የለም። 1,000 ሊትር ውሃ ጓሮውን አቋርጦ፣ ታችኛውን ካብ ሰርስሮ ጎረቤት ግቢ ገባ።

በሱብሂ ሐጂ ቀሰቀሱኝ። «ልጄ፣ ጠብታህ ጎርፍ ሆነ።» አልተቆጡም፤ ያ ነው የባሰብኝ። የካቡ ሁለት ሜትር ያህል ፈርሶ ድንጋዩ የጎረቤት የእንጨት ክምር ላይ ወርዷል። ሰው አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ።

ሃያ ዓመት ቧንቧ ስሠራ የኖርኩት በተቀበረ ቱቦ ነው፤ የተቀበረ ቱቦ ቀንና ሌሊት አንድ ዓይነት ሙቀት ውስጥ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም። መሬት ላይ የተዘረጋ ቱቦ ግን እንደ እባብ እየተጠማዘዘ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛውን ጊዜ የዘረጋሁት ጠዋት፣ ቱቦው ሳይሞቅ፣ በየጥቂት ሜትሩ ጠመዝመዝ አድርጌ ነው። ጫፎቹን ለአፍታ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሬ አለሰለስኳቸው፤ መጋጠሚያው እስከ ጥጉ ገባላቸው። ከላይ በብረት ክላምፕ ጠበቁ። ዋናውን ቫልቭም ከሮቶው አፍ ላይ ተከልኩት፤ ከመጀመሪያውም ቦታው እዚያ ነበር።

ዳግመኛ ልኬት

ሮቶው በፈረቃው ሲሞላ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ እነዚያኑ የሃይላንድ ጽዋዎች እዚያው ቦታቸው አስቀመጥን። በ30 ደቂቃ አንደኛው መስመር 730፣ አምስተኛው 750፣ አሥረኛው 710 ሚሊ ሊትር ሰጠ። በጠቅላላው በሰዓት 290 ሊትር ገደማ ነው፤ ድሮ 106 ያህል ነበር። ለእኔ ትልቁ ቁጥር ግን ይህ አይደለም። አንደኛውና አሥረኛው መስመር ተቀራረቡ። ጠብታ መስኖ የውሃ ብዛት ሳይሆን የእኩልነት ጉዳይ ነው፤ ድሮ አሥረኛውን ለማርካት አንደኛውን ሦስት እጥፍ ማጥለቅለቅ ግድ ነበር።

ከዚያ ለሐጂ ስንት ደቂቃ እንደሚከፍቱ ተመካከርን። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። በበጋ ጓሮዋ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ትጠጣለች ብለን ያዝን፤ 60 ካሬ ሜትር ሲሆን 240 ሊትር። በአዲሱ ፍሰት 50 ደቂቃ ነው። ሮቶው ግን የጓሮዋ ብቻ አይደለም፣ ማድ ቤቱም ከዚያው ነው የሚቀዳው። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች በየቀኑ ከማጠጣት ይልቅ አምስቱን መስመር ዛሬ፣ አምስቱን ነገ ማድረግ ተመረጠ፤ ለዚያ ሁለት ተጨማሪ ቫልቭ ከመሐሉ መግቢያ ግራና ቀኝ ገባ። የሚከፈተው ማለዳ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከጥቁሩ ቱቦ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ እጅ ያቃጥላል፤ ለቆስጣ ሥር ደግሞ አይሆንም።

በመንገዴ ላይ እያለሁ ደግሞ አንድ ነገር አሰብኩ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቱም የውሃ ፍላጎቱም ከደሴ ይበልጣል፤ እኛ ሰፈር ያለው ግቢ ደግሞ ሜዳ ነው። እዚያ ማንም 70 ሳንቲ ሜትር እርከን በነፃ አይሰጠኝም። ይህንኑ ሥርዓት ቤቴ ብሠራው ዋናውን ቱቦ 25 ሚሊ ሜትር አደርገው ነበር። የደሴ ሰው ተዳፋቱን ሲያማርር እሰማለሁ፤ ለጠብታ መስኖ ግን ተዳፋት ሀብት ነው፣ ዋናው ቱቦ በላይኛው ጫፍ እስከገባና መስመሮቹ ተዳፋቱን አግድም እስከያዙ ድረስ።

የካቲት ላይ ተመልሼ ነበር። በአሥረኛው መስመር ላይ ያለው ቆስጣ ከአንደኛው አይለይም። እትዬ ወንፊቱን በየዓርቡ ያጥባሉ፤ አንድ ጊዜ ረስተውት ፍሰቱ ሲቀንስ ራሳቸው ደርሰውበታል። አንድ ማንጠብጠቢያ አይጥ ቀርጥፎታል። ነጩን ጎማ ግንበኛው ወስዶታል፤ ሐጂ ናቸው የሰጡት፣ ግንቡ ቢቀርበትም። ሥራ ግን አልቀረበትም፤ የጎረቤቱን ካብ መልሶ የገነባው እሱ ነው። ልኩንም በዚያው ጎማ አወጣ። የድንጋዩንና የውሎውን ግማሽ እኔ ከፈልኩ፤ ሙሉውን ልክፈል ብዬ ስል ሐጂ «ግማሹ የናፍጣ መስመሩን ያላየሁት የእኔ ነው» አሉ።